ለወንድሜ ያቀበልኩት ጽዋ

ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሚካኤል በመጣ ቁጥር ግን እንደ አዲስ ይነሳብኛል። ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ስናገር የኖርኩት ግማሹን ነው፤ ያውም ለእኔ የሚመቸኝን ግማሽ።

ታናሽ ወንድሜ ዳንኤል ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች በአንዱ ይሠራ ነበር። ሥራው ቀለበት ላይ የሙሽሮችን ስም መቅረጽ ነው። እጁ የተመሰከረለት ነበር። መጠጡ እየባሰበት ሲሄድ ያ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያቅተው ነበር። አንድ ቀን የሙሽሪትን ስም አበላሽቶ ቀረጸና ከሥራ ተባረረ። ሚስቱም ትንሿን ልጃቸውን ይዛ ወጣች።

በቤታችን ስለ ዳኒ መጠጥ ያልተባለ ነገር የለም። እናታችን በሕይወት ሳለች "የሰው ዓይን ነው" ብላ ከአንዱ ጠበል ወደ ሌላው ስታዞረው ኖረች። እኔ ደግሞ "ዓይንም አይደል፣ ምንም አይደል፤ ጥጋብ ነው" ባይ ነበርኩ። መለኪያ በራሱ ተነስቶ ሰው አፍ ውስጥ አይገባም እል ነበር። ምላሴ አያርፍም፤ ይህንኑ ፊት ለፊት ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

በመጨረሻ ራሱ መጥቶ "አስቱ፣ ደከመኝ" አለኝ። ማገገሚያ አስገባሁት። ሦስት ወር ቆይቶ ሲወጣ እኔ ቤት፣ አፍንጮ በር መኖር ጀመረ። በየሳምንቱም አራት ኪሎ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከመሰሎቹ ጋር ይሰበሰብ ነበር። ክብ ሠርተው ተቀምጠው እያንዳንዱ ስሙንና ሳይጠጣ የቆየበትን ጊዜ ይናገራል።

አንድ ቅዳሜ ቤተሰብ ተጠርቶ እኔም ሄድኩ። አማካሪዋ ልጅ እግር ናት። "ይሄ በሽታ ነው" አለችን። "ስኳር ያለበትን ሰው ለምን ታመምክ ብላችሁ አትቆጡትም። ለእነሱ አንድ ጉንጭ የሚባል ነገር የለም። አንዷ ካለፈች ቀሪው በእጃቸው አይደለም።" አንገቴን ነቀነቅኩላት። በሆዴ ግን "ስኳር ያለበት ሰው ሰክሮ ሚስቱን አይሰድብም" እያልኩ ነበር።

ሚስቱ "ስድስት ወር ሳትጠጣ ከቆየህ ልጅህ በየእሁዱ አንተ ጋ ትውላለች" ብላው ስለነበር ዳኒ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አምስት ወር አለፈው። እጁ ጸና፤ የድሮ አሠሪውም መልሶ ወሰደው። ምሳ ላይ ለስላሳውን ከፍቶ "ይኸው አስቱ፣ የአራዳ ልጅ በስተርጅና ፋራ ሆኖልሽ ቀረ" እያለ ያስቀኝ ነበር። ስድስት ወሩ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የማኅበር ተራዬ ደረሰ።

አባታችን ተስፋዬ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነበር። ሲሞት "ወንዱ ልጅ ሰው እስኪሆን" ተብሎ ቦታውን እኔ ያዝኩ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ ማኅበርተኛው ሳስቷል። የቀረነው ከየዳር አገሩ በሁለትና በሦስት ታክሲ ነው የምንመጣው። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ጋሽ መኮንን፣ የአባቴ ባልንጀራ ናቸው። "አስቴር፣ ዳንኤል ድኖ የለም እንዴ? የአባቱን ቦታ ይረከብ እንጂ" አሉኝ።

ደስታዬን አልችለውም ነበር። ሰፈር ሲሳለቅበት የኖረው ወንድሜ በአባቴ ቦታ ሊቀመጥ ነው። ለእሱ ሳልነግረው ድንገት ላስደስተው አሰብኩ።

ጠላውን ራሴ ጠመቅኩ። ሽታው እንዳይፈትነው ብዬ በርሜሉን ጎረቤት አስቀመጥኩት። ይህን ያህል ተጠንቅቄ ነበር። ጽዋው ግን ትዝም አላለኝ፤ ጽዋን ከመጠጥ ቆጥሬው አላውቅማ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። አባ ጸሎት አድርሰው ዳቦውንና ጽዋውን ባረኩ። ከዚያ ጋሽ መኮንን ተነሱና "የተስፋዬ ቦታ ዛሬ ባለቤቱን አገኘ። ና ልጄ ዳንኤል" አሉ። እልልታው ቀለጠ። ዳኒ ፊቱ ቀልቶ፣ እየሳቀ ወደ መሃል መጣ። ጽዋውን ከአባ እጅ ተቀብዬ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

እጁን ዘርግቶ ሳለ ሽታው ደረሰው መሰለኝ፣ ቆመ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አስቱ፣ ጠላ ነው?" አለኝ።

"የተባረከ ነው። ጠበል በለው።"

"ለአባ ንገሪልኝ። በውሃ ያድርጉልኝ።"

ሰው ሁሉ ያየናል። ጋሽ መኮንን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ "አንድ ጉንጭ ምን ያደርግሃል? በሰው ፊት የአባትህን ጽዋ ልትገፋ ነው?" አልኩት።

አየኝ። አልተቆጣም። ልጅ ሆኖ መርፌ ሊወጋ ሲል እንደሚያየኝ ነበር ያየኝ።

ከዚያ ተቀበለኝና ጠጣ። አንድ ጉንጭ ብቻ። እልልታውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በላይ የጮኸ አልነበረም።

ትንሽ እንደተቀመጠ ጆጉን አንስቶ እንግዳ ማስተናገድ ጀመረ። ለአንዱ ይቀዳል፣ ለሌላው ይጨምራል። ሴቶቹ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ወጣው" አሉ። እኔም ኮራሁ። ጆጉ ባዶ ሲሆን ከጎረቤት ቀድቶ ለማምጣት ሁለቴ ወጥቶ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ ዘገየ። ሄጄ ሳይ ጆጉ በርሜሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቴ "አሁን ወደ ታች ሲወርድ አየሁት" አለችኝ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ አረቄ ቤት አገኘሁት። የማኅበሩን ቀን ሸሚዝ እንደለበሰ ነው። ቀና ብሎም አላየኝ።

ለሚስቱ ደውዬ የነገርኳትም እኔ ነኝ። "እንዴት ጀመረ?" አለችኝ። "እኔ እንጃ፤ እሱው ያውቃል" አልኳት። "ጠርጥሬ ነበር" ብላ ዘጋችው። ልጅቷ እስከ ዛሬ እሱ ጋ አልዋለችም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ማገገሚያ መለስኩት። መጀመሪያ ወር ሳይሞላው ወጣ። ሁለተኛውን ዘጠኝ ቀን ብቻ ቆየ። አማካሪዋ አልነቀፈችኝም፤ "እንደገና ይሞከራል" አለችኝ። ስትለኝ ግን ዓይኗ ወረቀቷ ላይ ነበር። ወርቅ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ዳኒን አሁን የማገኘው ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከቢሮ ስወጣ ነው። እጁ ከድሮው ብሶበታል፤ የሰጠሁትን ዳቦ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

ባለፈው ጾም አጠገቡ ተቀምጬ "ዳኒዬ፣ ያጠፋሁህ እኔ ነኝ" አልኩት። ሳቀ። "አንቺ ደግሞ! የዋጥኩት እኔ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?" አለኝ። እኔው ያስተማርኩትን ነው የመለሰልኝ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። "እንደገና እንሞክር" ስለው ግን ሳቁን አቁሞ "በቃ አስቱ፣ ተይኝ" አለ።

ባለፈው ወር ማኅበር ላይ የእሱ ነገር ተነሳ። ጋሽ መኮንን በረጅሙ ተንፍሰው "ከልቡ አልነበረም እንጂ ጽዋ ሰው አይጥልም" አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በውሃ አድርጉልኝ ብሎ እንደነበር መናገር ነበረብኝ። አፌ ለስንቱ ሲፈጥን ኖሮ ያኔ ተሳሰረ። እኔም ነቀነቅኩ።

ጽዋው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ አንድ ጉንጭ ቀመስኩና ለሚቀጥለው አቀበልኩ። እኔ በአንድ ጉንጭ ማቆም እችላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጉብዝና መስሎኝ ኖሬያለሁ።