ቀይ ቀለሙን የጠረግኩት እኔ ነኝ

በሥራ ለሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ነገር ተናግሬ አላውቅም። አብረውኝ የሠሩ፣ ከእኔ ሥራ የተማሩ፣ «እሱ ሳያየው ዕቃ አይነሳም» እያሉ ያከበሩኝ ሰዎች አንዳቸውም አያውቁትም። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ማንበብ ስለምወድ ነው እያልኩ አልፌያለሁ። ውሸቴን ነው። ጥንቃቄዬ የመጣው አብሮ አደጌ ሰብስቤ እግሩን ካጣበት ቀን ነው፤ ያን እግር ያሳጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የተወለድኩበት መንደር ሰዎች ሰምተውታል። ከእነሱ ውጭ ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ፤ ግን አታጽናኑኝ።

ከደርግ መውደቅ ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣውን መንገድ በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ በክሬኑና በሸክሙ መካከል ያለውን ዕቃ መመርመር ነው፤ ሰንሰለቱን፣ የሽቦ ገመዱን፣ መንጠቆውን፣ ማያያዣ ቀለበቱን። ክሬን የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ሸክሙን የሚይዘው በእነዚህ ነው። የሽቦ ገመዱ ክር ከተበጣጠሰ፣ የሰንሰለቱ ቀለበት ከሳሳ፣ የመንጠቆው አፍ ከተከፈተ ቀይ ቀለም እቀባዋለሁ። ቀይ የተቀባ ዕቃ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይጠቀምበት ወዲያው ተቆርጦ ይጣላል። ደንቡ ይኸው ነው፤ አውቀው ነበር። ለሌሎችም የማስተምረው እኔው ነበርኩ። ሳላውቅ አጠፋሁ ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም።

የተወለድኩት ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። በመንደራችን ወፍጮ አልነበረም። ሴቶቹ ገብሳቸውን በጀርባቸው አዝለው ዘመሮ ድረስ ይወርዱና ተራ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ አንዳንዴም ሳያስፈጩ ይመለሳሉ። የሰበካው ሰዎች ይህን አይተው ከብዙ መዋጮ በኋላ የናፍታ ሞተር ያለው ወፍጮ ገዙ። ሞተሩን ከመኪና አንስቶ በሲሚንቶ መሠረቱ ላይ የማስቀመጡ ነገር ግን አስቸገራቸው። በእጅ እየተሳበ ዕቃ የሚያነሳ ፓራንኮ ከሞላሌ ተውሰዋል። የጎደላቸው ሸክሙን የሚያንጠለጥል ሰንሰለትና መንጠቆ ነበር። ያን ጊዜ እኔ ትዝ አልኳቸው።

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ገብረ ሥላሴ ካምፓችን ድረስ መጡ። አፈር የለበሰ ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ሲሉ ከለከልኳቸው። «ልጃችን እንዲህ ያለ ሥራ ላይ እያለ ለምን እንቸገራለን ብለን ነው» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ደረቴ ተነፋ። ለምን ልደብቃችሁ? በአገሬ ሰው ፊት ትልቅ ሰው ሆንኩ።

አለቃዬን ባስፈቅደው ኖሮ ደህና ሰንሰለት ይሰጠኝ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው ብዬ ብጠይቀው እምቢ እንደማይል አውቃለሁ። አላስፈቀድኩም። ለቄሱ «ቆዩ፣ አለቃዬን ልጠይቅ» ማለት አሳፈረኝ። በራሴ ቃል የምሰጥ ሰው ሆኜ መታየት አማረኝ። ወደ መጋዘኑ ገባሁና በዚያው ሰሞን የጣልኩትን ሰንሰለት አነሳሁ። የመንጠቆው አፍ ተከፍቶ ስላገኘሁት ቀይ የቀባሁት፣ ሳይቆረጥ የቆየ ሰንሰለት ነው። ጨርቅ በናፍታ ነክሬ ቀለሙን ጠረግኩት። ጥግ ጥጉ ላይ የቀረውን በጥፍሬ ፋቅኩት። ለራሴም ይህ መንጠቆ ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦ ሲያነሳ የኖረ ነው፣ አንድ የወፍጮ ሞተር ምን ያደርገዋል አልኩት። እጄ ላይ ያለውን ቀለም እያየሁ ነበር እንዲህ የምለው።

ቄሱ ሰንሰለቱን ሲቀበሉኝ «ደህና ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ።

«የተፈተነ ነው አባ» አልኳቸው።

ተፈትኖ እንደወደቀ አልነገርኳቸውም። ቄሱም መርቀውኝ ሄዱ።

ሞተሩ የሚወርድ ቀን እኔም ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ጉሙ ገና አልተገለጠም ነበር። ሦስት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንዶች ጫፍ ለጫፍ ታስረው ቆመዋል፣ ፓራንኮው ከላይ ተሰቅሏል፣ የእኔ ሰንሰለት ከፓራንኮው ተንጠልጥሏል። ገመዱን ሞተሩ ላይ ያሰሩት ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። በአካባቢው ጭነት እንደሳቸው የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው የጫኑት በቅሎ ገደል ለገደል ሄዶ ጭነቱ አይዘምም። የቀብር ሣጥን ወደ ጉድጓድ ሲወርድም ገመዱን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ገመዱን መንጠቆው ጉሮሮ ውስጥ አስገብተው፣ ጎትተው አዩትና «ይነሳ» አሉ።

ሞተሩ ተነሳ። መኪናው ከሥሩ ወጣ። ሴቶቹ እልልታ ጀመሩ፤ የሰብስቤ ሚስት አስካለም ከእነሱ ጋር ነበረች። ሰብስቤ የሞተሩ እግር ከመሠረቱ ቡሎን ጋር እንዲገጥም በእጁ እያቃና ሊያስቀምጠው ተጠጋ። ሸክም በተንጠለጠለበት ሥር ሰው እንዳይጠጋ መከልከል የእኔ ሥራ ነበር። እልልታውን እየሰማሁ ቆምኩ። አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማ፣ ሞተሩ ወረደ፣ ሰብስቤ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሲሮጥ እኔ ወደ መንጠቆው ነው የሮጥኩት። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴን የማስገባበት ይጠፋኛል። አብሮ አደጌ እግሩ ከብረት ሥር ተይዞ እየጮኸ እኔ ከጭቃው ውስጥ የብረት ስባሪ ለቀምኩ። የተሰበረው ፊት ግማሹ አዲስና የሚያበራ ነው፤ ግማሹ ግን ዝጎ ጠቁሯል። ይህ ማለት መንጠቆው ድሮውንም ተሰንጥቆ ነበር። አፉ መከፈቱን ለክቼ ጣልኩት እንጂ ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነ መመርመሬን አላስታውስም፤ ለሚጣል ዕቃ ምን አደከመኝ ብዬ ይሆናል። ስባሪውን ካፖርቴ ውስጥ ከተትኩ። ሰንሰለቱንም ፈትቼ ጠቀለልኩት።

ሰብስቤን በሱፍ ባና ጠቅልለው በቃሬዛ ተሸክመው ሄዱ። ደብረ ብርሃን ሲደርስ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ከመንደሩ ሳይወጣ ግን፣ ገና ቃሬዛው ሲታሰር፣ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንተ ሥራ ነው፤ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«ገመዱ የመንጠቆው ጉሮሮ ውስጥ በደንብ አልገባም ነበር» አልኩ። «አፉ ላይ ሆኖ ነው የተንሸራተተው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «አስገብቼው ነበር መሰለኝ» አሉ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። የተማረውም፣ የሚያውቀውም እኔ ነኝ፤ ቃሌን ይጠብቃሉ። ዝም አልኩ። እሳቸውም «እንግዲህ የኔው እጅ ነዋ» አሉና ሄደው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ።

ስመለስ ስባሪውን ገደል ወረወርኩት።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሸዋንግዛው ገመድ አልያዙም። የራሳቸውን አህያ እንኳ ጎረቤት ነው የሚጭንላቸው። የሰብስቤን መሬት ከራሳቸው መሬት አስቀድመው በየዓመቱ ያርሱ ጀመር። ለእረፍት በሄድኩ ቁጥር ይህን አያለሁ። ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ እኔም እጃቸውን ስሜ አልፋለሁ። በሥራዬ ደግሞ ሰው የሚፈራኝ መርማሪ ሆኛለሁ። የተጣለ ዕቃ በፊቴ ካልተቆረጠ ምሳ አልበላም፤ ሸክም ሥር የሚቆም ሰው ካየሁ ሥራውን አስቆማለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ምስጋናውን እቀበላለሁ። አንድ የሠራተኛ ሚስት ባሌን ከሞት አተረፍክልኝ ብላ እግሬ ላይ ወድቃ ታውቃለች። ምን ብዬ ተቀበልኳት? በአንድ ቃል ነገሩን ላርም እችል የነበርኩ ሰው ዓመት ከዓመት ዝም ስል እንዴት እንቅልፍ ወሰደኝ? ወሰደኝ፤ ደህና አድርጎ ወሰደኝ። ንስሐ አባቴ ቄስ ገብረ ሥላሴ ነበሩ፤ ለእሳቸው እንኳ ጾም ስለመሻሬ እናገር ነበር እንጂ ይህን አልተናገርኩም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወላጅ አባቴ ሞተ። ሣጥኑ ከጉድጓዱ አፋፍ ደርሶ ገመድ ሲቀርብ አንዱ ሽማግሌ «ሸዋንግዛው፣ የወዳጅህ ነውና ዛሬስ ያዝ» አላቸው። ጋሽ ሸዋንግዛው ወደ ኋላ ሸሹ።

«እኔን ተዉኝ» አሉ። «ይህን የመሰለ ሰው በእኔ እጅ አይወርድም።»

ጮኼ አለቀስኩ። አልቃሹ ለአባቴ መስሎት ደገፈኝ።

ቀብሩ እንዳበቃ፣ ለቀስተኛው እጁን ሲታጠብ፣ ጋሽ ሸዋንግዛውን ከአውድማው ኋላ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀለሙን፣ ስንጥቁን፣ ገደሉን። የድንጋይ ካቡ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ስጨርስ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲረግሙኝም ፈልጌ ነበር።

«እንግዲያ ገመዱ ገብቶ ነበር?» አሉኝ።

«ገብቶ ነበር ጋሼ። እጅዎ ልክ ነበር።»

«እስቲ ድገመው።»

«እጅዎ ልክ ነበር።»

በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቆይተው «ለምን ዘገየህ?» አሉኝ።

«ፈርቼ።»

«እኔ ደግሞ አረጀሁልህ» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው የሆነውን መናገራቸው ነው። ከዚያ እጄን ይዘው ተነሡ። «ስለ ነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን እህል ሳትቀምስ ለሰብስቤ ትነግረዋለህ።»

ይዘውኝ ሄዱ። ብቻዬን ብሆን መንገድ ላይ እቀር እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለዚህም እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ።

ሰብስቤ ተራ የሚጠብቁ ስለነበሩ ከቀብሩ ቀጥታ ወፍጮ ቤት ገብቶ ነበር። ሞተሩ ተጠግኖ ከተተከለ ጀምሮ የሚፈጨው እሱ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ምርኩዙን ደግፎ፣ ዱቄት እንደለበሰ ሰማኝ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ጋሽ ሸዋንግዛው መሬቴን ሲያርሱ የኖሩት ታዲያ በምን ዕዳቸው ነው?» አለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ያዘው። «እግሬ አይመለስም። አንተ ግን ዛሬ መጥተሃል። ይቅር ብዬሃለሁ፤ እንዳልለውጠው ቶሎ ሂድ።»

ለቄስ ገብረ ሥላሴም ተናዘዝኩ፤ ቀኖናዬን ሰጡኝ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆሜ ለሕዝቡ እንድናገር። ተናገርኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከፊት ቆመው ነበር። ሕዝቡ ከእኔ ይልቅ ወደ እሳቸው እየሄደ ጉልበታቸውን ሲስም አየሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለእኔም «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። የሚወግረኝ ይኖራል ብዬ ነበር፤ ምሳ ይዘውኝ ገቡ። እንደነዚህ ባሉ ሰዎች መካከል ስለፈጠረኝ አምላክን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም።

ወደ አስካለ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው። ደጃፏ ላይ ገብስ ታበጥር ነበር። ቀና አላለችም።

«ያን ቀን ስትዋሽ የሰብስቤን ጭንቅላት የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አለችኝ። «ሰምቼሃለሁ። አመንኩህ። እኒያ ሽማግሌ መሬታችንን አርሰው ውለው ሲመጡ አንድ ቀን እንኳ ደህና ዋሉ ብያቸው አላውቅም። እንጀራ ሳቀርብላቸው ፊቴን አዙሬ ነው። ባሌን ያጎደሉ ናቸው ብዬ። እሳቸውም አቀርቅረው በልተው ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ግፍ አሠራኸኝ። ይህን ልትመልስልኝ ትችላለህ?»

«አልችልም» አልኳት።

«እንግዲያ ሂድ።»

ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ አገሬ በሄድኩ ቁጥር ሰላም እላታለሁ፤ አትመልስልኝም። ይቅር በይኝ ብዬ አልለመንኳትም፣ ከእናንተም አልለምንም። በሌሎቹ ይቅርታ ውስጥ ተመችቶኝ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ፣ ያጠፋሁት አንድ እግር ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ማሳነስ ስጀምር የእሷ ዝምታ ልኩን ይነግረኛል። ይቅር ላሉኝ ሁሉ ባለ ውለታ ነኝ። ይቅር ስላላለችኝ ደግሞ ለአስካለ ባለ ውለታ ነኝ።