ማሽን አይዋሽም ያልኩ ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን አጋንኜ ጭምር ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህችን ግን ዋጥኳት። አንተ ስማኝ።

በቆቦ ሜዳ የመስኖ ጉድጓዶችን የብረት ቧንቧ እመረምራለሁ። መሣሪያዬ ለነዳጅ ቧንቧ የተሠራ ነው፤ መግነጢሱን ብረት ውስጥ ይሰድና ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሲያገኝ ይጮኻል። እኔ ግን ዋጃ ከተማ ያለ ሰው የሚያስበውን ሮቢት ከተማ ሆኖ ይሰማል እያልኩ አወራለት ነበር።

አንድ ጉድጓድ ላይ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ከበርሜሉ እየጎደለ አስቸገረ። ሽማግሌዎች አውጫጭ ጠሩ፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ላይነሳ። እስከ ተሲያት ተቀመጥን። ዝም ያለ ጉባኤ ሳይ ምላሴን ይበላኛል። መሣሪያውን አውጥቼ ሌባ ያወጣል አልኩ። አንዱ ሽማግሌ መጀመሪያ የራስህን ምላስ ለካበት ብለው አሳቁብኝ። በየደረቱ፣ በየትከሻው አዞርኩት። ዘበኛው ሰይድ ትከሻ ላይ ሲደርስ ጮኸ።

ሰይድ እዚያ ቦታ ጥይት ቀርቶበታል። አውቃለሁ። አብረን ስንታጠብ በጣቴ ዳብሼያታለሁ።

«ጥይቷ ናት፤ ንገራቸው እንጂ ወንድሜ» አለኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን ነበር ከእኔ የተፈለገው? አንድ ቃል። እኔ ግን «ማሽን አይዋሽም» አልኩ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። የሳቀ የለም። ቀልዴን ነው ማለት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ማንም አምኖኝ አያውቅም፤ ያን ቀን አመኑኝ። ጣመኝ።

ሰይድ በሦስተኛው ቀን ሌባ መባሉን ሸሽቶ በአፋር በኩል አገር ለቆ ወጣ። የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ከበርሜሉ ወደ ጄኔሬተሩ የሚሄደውን የተቀበረ ቱቦ ቆፍሬ መረመርኩ። ጮኸ። አሸዋው ናፍጣ ጠጥቶ ጠቁሯል። በአውጫጩ ቀን ቱቦውን መመርመር ሥራዬ ነበር፤ እኔ ሰው መረመርኩ። ስንጥቁን ቆርጬ በአዲስ ተካሁ፤ አፈሩን መለስኩ፤ ዝም አልኩ። ናፍጣው መጉደሉን ሲያቆም ሰዉ ሌባው ስለሄደ ነው አለ። ይህንንም ሰምቼ ዝም አልኩ።

አሁን መሣሪያው በጮኸ ቁጥር ዞሬ አያለሁ። ሰይድ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል፤ ንገራቸው እንጂ እንዳለኝ።

ባለፈው ሰሞን እናቱ እማማ ዘይነባ ጎብዬ ገበያ ላይ እጄን ያዙኝ።

«አንተ አገሩን ትዞራለህ። ልጄን ካገኘኸው፣ እናትህ ስርቆትህን አውፍ ብላሃለች፣ ይቅር ብላሃለች፣ ተመለስ በለው።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሺ አልኩ።

እንግዲህ ፍታኝ አልልህም፤ እሺ ብዬ እናቱን የዋሸሁበት አፍ ገና አልደረቀም።