በማንኪያ የታሸ ሰማይ

ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ሠዓሊ ነኝ» ብዬ መገላገል ይቀናኛል። እውነቱ ግን እንጨት ቀራጭ ነኝ። የዋንዛ ጣውላ ላይ ሜዳና ተራራ እቀርጻለሁ፣ ጥቁር ቀለም በሮለር እቀባዋለሁ፣ ወረቀት አልብሼ ጀርባውን አሻለሁ። በመሮ የተፈለፈለው ነጭ ይሆናል፤ ያልተነካው ቀለም ይይዛል። ይኸው ነው። የማተሚያ መሣሪያ የለኝም። ያለኝ የእንጨት ማንኪያ ነው፤ እሱም ከወጥ ቤት የተወሰደ።

ማንኪያውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። ቡራዩ የተከራየናት ቤት ከገባን ብዙም አልቆየንም፤ እሷ የተወለደችበትን የሱሉልታን ሜዳ ቀርጬ ላስደንቃት ፈለግሁ። ጣውላ ላይ የተቀረጸ ነገር ሲታተም ግራው ቀኝ እንደሚሆን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ቸኮልኩና እንዳየሁት ቀረጽኩት። ወረቀቱን ስገልጠው ሳቋን ለቀቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ የአባቴን ቤት ጎረቤት ግቢ ወስደህ ተከልከው እኮ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።»

ሳቋ ሲያባራ ወጥ ቤት ገብታ ማንኪያ ይዛ ተመለሰች። «እንደገና ቅረጸው፤ ማሸቱን ለእኔ ተወው» አለችኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ በጨርቅ ነበር የማሸው።

ከዚያ ወዲህ ቀራጩ እኔ፣ አሺዋ እሷ ሆንን። እሑድ እሑድ በሚኒባስ ሱሉልታ እንሄዳለን። እኔ ሜዳውን እነድፋለሁ፤ እሷ ድርቆሽ የሚከምሩ ዘመዶቿን ስትስም ቆይታ ትመጣና በትከሻዬ ላይ ታጮልቃለች። ዛሬ ያ ሜዳ አብዛኛው መጋዘንና የግንብ አጥር ሆኗል። የአባቷ ቤት የነበረበት ቦታ ብሎኬት ይመረትበታል። እኔ በሄድን ቁጥር ስነጫነጭ እሷ ጣውላውን እያሳየችኝ «አንተ ጋ አለ አይደል?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ ያኔ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሰማዩን ፈጽሞ አልቀርጸውም። ያልተነካ ጣውላ ስለሆነ ሲታሸ ጥቁር መሆን ነበረበት። እሷ ግን እዚያ ስትደርስ እጇን ታቀለዋለች። «ሱታ፣ ሱታ» ትላለች በኦሮምኛ፣ ቀስ በይ እንደማለት፣ ለራሷ። ቀለሙ ሳስ ብሎ ይወጣል፤ የዋንዛው መስመሮችም እንደ ስስ ደመና ይታያሉ። ሰው ሥዕሎቼን የወደደው ለዚያ ሰማይ ነው። እንዴት እንደምታደርገው ጠይቄያት አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ደግሞስ አጠገቤ እያለች ምን ያስጠይቀኛል?

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞተች።

በቅርቡ ሱሉልታ የእንግዳ ማረፊያ የከፈተ ነጋዴ ደወለልኝ። ድሮ ከአንድ ኤግዚቢሽን አንዱን ሥዕሌን ገዝቶ ሱቁ ውስጥ ሰቅሎት ነበር፤ አሁን ለየክፍሎቹ ያንኑ ፈለገ። ደስ አለኝ። ጣውላው አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ማንኪያውም አለ። አሸሁት። ሰማዩ ድፍን ጥቁር ሆነ። እጄን ሳቀለው ደግሞ ዥጉርጉር ሆነብኝ። እንደሷ ሱታ፣ ሱታ እያልኩ ሞከርኩ፤ አፌ ቀስ አለ እንጂ እጄ አልሰማም። ቤቱ ውስጥ አንድ ገመድ ሙሉ ጥቁር ሰማይ ተሰጣ። ያን ቀን የናፈቀችኝን ያህል በተቀበረችም ሰሞን አልናፈቀችኝም።

በመሮ መገላገል እችል ነበር። ሰማዩን ፈልፍዬ ባወጣው ነጭ ይሆናል፤ ነጋዴውም ላይከፋው ይችላል። መሮውን አንስቼም ነበር። ግን ያን ቦታ አንዴ ከፈለፈልኩት የእሷ ሰማይ ዳግም ከዚያ ጣውላ አይወጣም። ማን ሊያወጣው ነው ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ቢሆንም አልቻልኩም፤ መሮውን መልሼ አስቀመጥኩት።

ነጋዴው በማግስቱ ደወለ።

«ጋሼ፣ አካም ጅርቱ? ሥዕሎቹ ደረሱልኝ?»

«ሜዳው ደርሷል። ሰማዩ ነው እምቢ ያለኝ።»

«እንዴት ሆኖ? እኔ ጋ ያለው እኮ ሰማዩ ልዩ ነው። የገባ ሰው ሁሉ እሱን ነው ቆሞ የሚያየው።»

«እሱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ናት።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው!» አለ ሳቅ ብሎ። «ለእሳቸው ይስጧቸዋ። እኔ አልቸኩልም፤ በተመቻቸው ጊዜ ይሥሩልኝ።»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ለስንቱ ነግሬያለሁ፤ መናገሩም ለምዶብኛል። ይህ ሰው ግን ጓዳ ወይም ገበያ ያለች መስሎታል። እሱ ጋ ገና አለች። ከዚያ ላስወጣት አንጀቴ እምቢ አለ።

«እሺ» አልኩት፣ «እነግራታለሁ።»