ከልጄ ትኩሳት ጋር ግብግብ

ልጄን የትኩሳት መድኃኒት የማጠጣው ለእርድ እንደሚጣል በግ ጥዬ ነበር። ሁለት እጆቹን በጉልበቶቼ መሐል እቆልፋለሁ፤ አፍንጫውን ጨብጬ እይዛለሁ፤ አየር አጥሮት አፉን ሲከፍት ሽሮፑን እስከ ጉሮሮው እለቅበታለሁ። የምጀምረውም «በስመ አብ» ብዬ ነው። ካስመለሰው እንደገና እቀዳለሁ። ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ወባ አገር ነው። ታናሽ ወንድሜን ጠዋት አተኮሰው፣ በማግሥቱ ቀበርነው። ባል አግብቼ ደብረ ብርሃን ከመጣሁ በኋላም፣ በዚህ አጥንት ሰብሮ በሚገባ ብርድ መሐል፣ የልጄ ግንባር ለብ ባለ ቁጥር የሚታየኝ ያ መቃብር ነው። ቴርሞሜትሩን በየሰዓቱ ብብቱ ውስጥ እከታለሁ። ተኝቶ ከሆነም ቀስቅሼ አጠጣዋለሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ልጁ እሳት ሆነ። አጠጣሁት። ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ሰዓቱ ሳይደርስ ደገምሁት፤ ሠለስሁትም። ድንገት ዐይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፤ ጥርሱ ገጠመ። የማላየው ሰው አንገቱን ይዞ ከአልጋው ጋር የሚያላትመው ይመስል ተንፈራገጠ። ከንፈሩ ጠቆረ።

ጩኸቴን የሰሙት አከራያችን ብርድ ልብስና ክብሪት ይዘው ገቡ።

«ብርድ ነው የመታው! ሸፍኚው!» ክብሪት ጭረው ጢሱን ወደ አፍንጫው ሰደዱ።

«እማማ፣ ይተዉት፣ ይታፈናል!»

«አንቺ የቆላ ልጅ፣ ብርድ ለእኔ ልታስተምሪ? ምላሱን ሊውጥ ነው፣ ማንኪያ አምጪ!»

አመጣሁ። አልክድም፣ ማንኪያውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ጥርሱን ሲፈለቅቁ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደም በአገጩ ወረደ። ያኔ አበድሁ። ጠዋት ሥጋ ወደሙ በተቀበልሁበት አፌ እጃቸውን ነከስሁ፤ እስኪጮኹ አልለቀቅሁም።

መንፈራገጡ በራሱ ጊዜ ቆመ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ነርሷ ደሙን አስመረመረች፤ ወባ የለበትም። ማጅራት ገትር እንዳይሆን አንገቱን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ አየች።

«ጥርሱን ማን ሰበረው?» አለች። እኔና አከራዬ ተያየን።

«ሽሮፑንስ ዛሬ ስንቴ ወሰደ?»

ቆጠርሁላት። ፊቷ ተለወጠ።

«እኅቴ፣ ጉበቱን ልትጨርሺው ነው እንዴ! ይሄ ሕመሙን ያስታግስለታል እንጂ እንዲህ ያለውን መንቀጥቀጥ አይከለክልም። ትኩሳቱ ገላው በሽታውን የሚዋጋበት ነው። እየጠጣ፣ እያናገረሽ ከሆነ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ተዪው። ከፈዘዘ፣ አልጠጣም ካለ ወይ ካንቀጠቀጠው ግን አምጪው። ሲያንቀጠቅጠው በጎኑ አስተኚው፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቺ።»

እስኪመሽ አቆይታ ስታየው ዋለች። ቤት ስንመለስ አከራዬ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እማማ የታሰረ ጣታቸውን እያዩ፣ «ለካ ከጅብ ጋር ነው አንድ ግቢ የምኖረው» አሉ። ሳቅሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ።

በወሩ ትኩሳቱ ተመለሰ። አሁን የፈሩት እማማ ናቸው።

«ስጪው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ውሃ እየጠጣ ነው፣ እማማ።»

የሽሮፑን ጠርሙስ ለማንሣት የሚሄደውን እጄን በሌላው እጄ ያዝሁት። መዝሙረ ዳዊት ገለጥሁ፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ልጁ ኩባያውን ጨርሶ «ጨምሪልኝ» አለ። ጨመርሁለት። ከቀትር በኋላ ግን ራሱን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። አሞታል፤ ይሄ ሌላ ነው። ልኩን ቀድቼ ስጠጋው ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«አልይዝህም» አልሁት።

«ማይልኝ።»

ማልሁለት፤ መሐላ ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ። ትንሿን ስኒ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ። ግማሹ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ።

«ድገሚለት፣ ፈሰሰ እኮ!» አሉ እማማ።

ስንቱን እንደዋጠ አላውቅም። ጠርሙሱን ከድኜ አጠገቡ ተቀመጥሁ።