ያልበራችው መብራት

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብ በራሴ የተማርኩ ገበሬ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ አብረን የገዛነውን ሚኒባስ ዋጋ ግማሽ ያዋጣው። አራተኛው የበኩር ልጄ ነው። መንጃ ፈቃድ ይዞ ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ስለነበር መኪናው የተገዛው ለእሱ እንጀራ ነው። አምስተኛው ያገለገለውን ሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ላይ የሸጠልን ሰው ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንስም ሰዎች ነን።

ሻጩን ከመጀመሪያው አላመንኩትም። የሞተሩ ክፍል ከሳሎን ወለል በላይ ጸድቷል። የሚሸፍነው ነገር ከሌለ ያን ያህል ምን ያሳጥባል?

መኪናው በገባ ማግስት ባለቤቴ ካህን ጠርታ ጠበል አስረጨች። ካህኑም አልሰሰቱም፤ ዳሽቦርዱ እስኪንጠባጠብ አረሰረሱት። ጠበል አይጠረግም፤ እንደረጠበ ተውነው።

እኔ ከመኪናው ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ከመዝገበ ቃላት ጋር ይዤ ስታገል ሰንብቻለሁ። ቁልፉ ሲዞር የዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ሁሉ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባቸው ይላል። ቀይ ከሆነ ቁም፣ ቢጫ ከሆነ ሳትዘገይ አስመርምር። ልጄን ቁልፉን አዙር አልኩትና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁሉም በሩ። የሞተር ዘይት ሲጎድል የምታስጠነቅቀው፣ የዘይት ቆርቆሮ የመሰለችው ቀይዋ ግን አልበራችም።

«አባባ፣ አለመብራቷ እኮ ደግ ነው» አለ ልጄ።

«ልትጠፋ የሚገባት መጀመሪያ በርታ ነው። ይቺ ከነጭራሹ ዝም ብላለች።»

የባለቤቴ ወንድም ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ቢበራ ትፈራለህ፣ ባይበራ ትፈራለህ። ምን ይደረግልህ?»

ባለቤቴ ደግሞ «ጠበሉ ነክቷት ነው፤ ስትደርቅ ትበራለች» አለች። ከዚያ በኋላ ዳሽቦርዱን እንፍታው የሚል ሰው ጠበሉን እንደ ጥፋተኛ የቆጠረ ሊመስል ነው። ልጄ አቀርቅሮ መሪውን ይወለውላል። አላማረኝም።

ሻጩ ዘንድ ደውዬ ስለ መብራቷ ጠየቅኩት። «እርስዎ ደግሞ ሁሉን ይጠረጥራሉ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ይህንንም ያዝኩበት።

በገበያ ቀን ተሳፋሪ ሞልተን ወደ ደጀን ስንነሳ ከልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሉማሜ ላይ ዘይቱን እንየው አልኩ። የባለቤቴ ወንድም ረዳት ሆኖ በር ላይ ነበር። «ሰው ገበያ ያልፍበታል» አለ። ልጄም «ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው» አለኝ። የልጄን ቃል አምኜ ሳልወርድ ቀረሁ።

ደጀን ሳንደርስ ሞተሩ እንደ መዶሻ መምታት ጀመረ። «ቁም» አልኩት። እሱ ዳር ሳይዝ ሞተሩ ራሱ ቆመ። ወርጄ ወደ ኋላ ባይ አስፋልቱ ላይ የጥቁር ዘይት መስመር ከመጣንበት ድረስ ተዘርግቷል።

ከደጀን የመጣው መካኒክ ሞተሩን አይቶ «ያለ ዘይት ሄዶ ተበላሽቷል» አለ። ቀጥሎ ዳሽቦርዱን ፈታና የቀይዋን መብራት ቦታ አሳየን፤ ባዶ ነው። «አምፖሏን ሰው ነቅሏታል» አለ።

ወደ ባለቤቴ ወንድም ዞርኩ። ግዙ ግዙ እያለ ያጣደፈን እሱ ነው። «ከሻጩ ስንት ተቀበልክ?» አልኩት፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እሱ አያውቅም» አለ ልጄ። «ሻጩ ለእኔ ነግሮኛል። ይቺ መብራት እየበራች ታስቸግራለች፣ ነቅያታለሁ ብሎኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት አይገዙም ነበር።»

«አዎ፣ አልገዛም ነበር።»

«ታዲያ እኔስ? ቤት ልቀመጥ?»

ቀይ መብራት የሚነቅል ሰው ሌላውን ከማሳሳቱ በፊት የራሱን ዓይን ያጠፋል፤ ይህን ለልጄ በዚያው መንገድ ዳር ነግሬዋለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ሻጩ ዘንድም ሽማግሌ ልከን ነበር፤ «ልጃቸውን ይጠይቁ» ብሎ መለሳቸው። እውነቱን ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ካሳ ሳይጠይቁ ተመለሱ።

ለሞተሩ የባለቤቴ ወንድም በሬውን ሸጠ፤ ያን ዕለት ስላልኩት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ቤቴ መግባት ግን ቀንሷል። ባለቤቴ የዕቁቧን ሰጠች፣ እኔ የዓመቱን ጤፍ፣ ልጄ ለሠርጉ ያስቀመጠውን። አምፖሏም ተተክታለች፤ ልጄ በየማለዳው ቁልፉን አዙሮ እኔ ሳላያት ሞተሩን አያስነሳም። ከነአምፖሏ ለሁላችን የወጣው ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብር ነው።