ወንድሜ ከድንበር ይዞት የመጣው ቃል

ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነው። የሱዳን ጦርነት በጀመረ ሰሞን ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ሸጎሌ አካባቢ ጋራዥ ሊከፍት አስቦ ነበር። መሰናበቱ ቀረና ክፍሉ ወደ መተማ ተዛወረ። በስልክ እንደነገረኝ፣ ድሮ ጥቂት ሰው ይጠብቀው የነበረው ቦታ አሁን ምሽግ ይቆፈርበታል፣ ኬላ ይጨመርበታል፤ ከሱዳን በኩል የሚመጣ ሁሉ ይፈተሻል።

በዚያው ዓመት አንዲት ሱዳናዊት ከስምንት ዓመት ሴት ልጇ ጋር ጉለሌ፣ እኛ ግቢ ያለውን ሰርቪስ ቤት ልትከራይ መጣች። ካርቱም ውስጥ ፋርማሲስት ነበረች። እናቴ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች፤ ልጄን የወሰደብኝ የእነሱ ጦርነት ነው ብላ። አባቴ ነው ለምኖ ያስማማት። የተከራይ ምዝገባ ቁጥጥር ጠብቆ ስለነበር ራሱ ሴትዮዋን ወረዳ ይዟት ተመላለሰ።

ከዚያ የወንድሜ ስልክ ለአምስት ሳምንት ጠፋ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በቀጥታ የሴትዮዋን በር ማንኳኳት ጀመረች። ሴትዮዋም ከድንበሩ ማዶ ያሉ ዘመዶቿ የሚልኩላትን የድምፅ መልእክት አዳምጣ፣ ድንበሩ ሰላም ማደሩን በተሰባበረ አማርኛ ትነግራታለች። አንድ ጠዋት ግን በሩን እያለቀሰች ከፈተችላት፤ የገዛ ወንድሟን መርዶ ሰምታ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሦስት ቀን አብራት ተቀመጠች።

ወንድሜ ፈቃድ አግኝቶ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትገባ ሊያጫውታት ፈልጎ አንድ የአረብኛ ቃል ወረወረላት። እሷ ቀጥ ብላ ቆመች። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ዚፑን ከፈተች፤ ደብተሮቿን አንድ በአንድ አውጥታ ፊቱ ደረደረች፤ ከዚያ ፈቀቅ ብላ ጠበቀች።

«ምን አልካት?» አለች እናቴ።

«ክፈቺ» አለ ወንድሜ። «ኬላ ላይ የምንለው እሱን ነው። ሌላ አላውቅም።»

ተንበርክኮ ደብተሮቹን ወደ ቦርሳው መለሰ። ቀና ብሎ የልጅቷን እናት፣ «‹እንኳን ደህና መጣችሁ› በእናንተ እንዴት ነው የሚባለው?» አላት። ነገረችው። እስኪለምደው ደጋገመው፤ ሲሳሳት የምታርመው ልጅቷ ነበረች።

ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ ድንበሩ ተመለሰ። ፍተሻው አልቀረም፤ መሣሪያ የሚያሾልክ ስላለ መቅረትም የለበትም ይላል። የጋራዡን ነገር ካነሳ ቆይቷል። እናትና ልጅ አሁንም እኛ ግቢ ናቸው። ልጅቷ አማርኛውን አቀላጥፋዋለች፤ ወታደር ካየች ግን እስከ ዛሬ መንገድ ትሻገራለች። ወንድሜ በመጣ ቁጥር የደንብ ልብሱን ዊንጌት፣ ጓደኛው ቤት አውልቆ ነው ወደኛ የሚገባው።