የዴልበርት መሰላል

ዴልበርት ክኑድሰን ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የመብራት ምሰሶ ሲወጣ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በረዶ የጋገረበት ሽቦ ሥር በቀበቶ ታስሮ ውሎ የሚያድር ሰው ስለነበር፣ ለተጎታች ቤት ጣሪያ መሰላል ያዙልኝ ማለትን እንደ ውርደት ይቆጥረው ነበር። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ይያዝለት ነበር። የምትይዝለት ሚስቱ አርዲስ ነበረች። እሱ ለምኗት አያውቅም። እሷ ናት እምቢ ብላ የያዘችው።

ጎረቤታቸው ነበርኩ። ሰፈራችን አሪዞና በረሃ ውስጥ ነው። በጥቅምት ቤታችንን በመኪና ጎትተን ከሰሜኑ ብርድ ወደዚህ እንሸሻለን፣ በሚያዝያ እንመለሳለን። የእነሱ ቤትና የእኔ ቤት የሚራራቁት አሥር እርምጃ ያህል ስለሆነ የሚነጋገሩት ሁሉ ይሰማኛል።

ስንደርስ መጀመሪያ የሚፈተሸው ጣሪያ ነው። ረጅም መንገድ የተንገጫገጨ ቤት መጋጠሚያው ይላቀቃል፤ ካልታሸገ ውሃ ይገባና እንጨቱን ያበሰብሰዋል። አርዲስ ባሏ መሰላሉን ከመንካቱ በፊት ቤቱን ትዞረዋለች። ጎማዎቹ ሥር ታኮ መግባቱን፣ የማዕዘን እግሮቹ መሬት መንካታቸውን ታያለች፤ አለዚያ ሰው ጣሪያው ላይ ሲራመድ ቤቱ ይወዛወዛል። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ኮምፖርሳቶ ታነጥፋለች። የመሰላሉ እግር ከግድግዳው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ለክታ፣ ኮምፖርሳቶው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ሁለት ክብ ሠርታበታለች። ጓንቷን ታጠልቅና መሰላሉን በሁለት እጇ ትይዛለች። ሰማዩን ሳይሆን የባሏን ጫማ ነው የምታየው።

ዴልበርት ለመውረድ ጀርባውን ሲያዞር ከላይ ሆኖ ይጠይቃል።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

ስድስት ዓመት ይህን ሰምቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ባሌ ዊልመር ስለሞተ ብቻዬን ሆኜ ነው የሰማሁት። የዊልመር ታጣፊ ወንበር አሁንም በሬ አጠገብ ነው ያለው።

አርዲስ ግንቦት ላይ እዚያው አገራቸው ሞተች። ዴልበርት በጥቅምት ቤቱን እየጎተተ ብቻውን መጣ። ሄጄ አፅናናሁት፣ ሾርባ ወሰድኩለት፣ ድስቱን አጥቦ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ከእሱ ቤት የሚሰማው የሬዲዮ የአየር ትንበያ ብቻ ነበር።

በኅዳር ብቻውን መሰላል ሲወጣ የሰፈሩ ኃላፊ ራንዳል አየው። ራንዳል በትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናው በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚዞር ልጅ ነው፤ ልጅ የምለው ሃምሳ ዓመቱ ስለሆነ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ያለ ያዥ መሰላል ላይ ከተገኘ አንዴ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ ከተገኘ ቦታውን ይለቃል። ደንብ ነው። ዴልበርት ማስጠንቀቂያውን ፈረመ። ሴት ልጁ ካሪንም እዚያው ሰሜን ዳኮታ ካለችው ከፋርጎ ከተማ ደውላ፣ ከዚያ ካስወጡህ እኔ ጋ ነው የምትገባው፣ ምድር ቤቱን አዘጋጅቼልሃለሁ አለችው። ይህን የነገረኝ የቆሻሻ ጣሳው ጋ ተገናኝተን ነው።

«መስኮት አለው?» አልኩት።

«አለው። የሣሩን ሥር ያሳያል።»

በታኅሣሥ አንድ ረቡዕ፣ ሬዲዮው ለሐሙስ ዝናብ አለ ብሎ ነበር። ከምሳ በኋላ ልብስ ላሰጣ ስወጣ የዴልበርት መሰላል ጠጠሩ ላይ ተጋድሟል። ቀና ብል እሱ ጣሪያው ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ዴልበርት፣ ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«ተራራ አያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረፋድ።»

«መሰላልህስ?»

«ደክሞት ተኛ።»

ሳልስቅ ቀረሁ ማለት አልችልም። ከንፈሩ ግን በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዴ እንኳ አልተጣራም። አሥር እርምጃ ላይ ሬዲዮውን የምሰማ ሰው ድምፁን እንደምሰማው ያውቃል።

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«ሥራ ይዘሽ ይሆናል ብዬ።»

«ምን ሥራ አለኝ እኔ?»

«ራንዳል ሳይመጣ አንሺልኝ፣ ሉዌላ» አለ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ተኩል ሊሆን ነው።»

መሰላሉን አነሳሁት። ግድግዳው ላይ ላስደግፈው ስል ከላይ ጮኸ።

«ጠጠሩ ላይ አይሆንም! እኔ ጠጠር ላይ አቁሜው ነው ከእግሬ ሥር የሄደው። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ዘወር ስል ተንሸራተተ። ከላይም አላሰርኩትም።»

«ምሰሶ ሲወጣ የኖረ ሰው?»

«ምሰሶ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፣ አይንሸራተትም። አሁን ትዘልፊኛለሽ ወይስ ታወርጂኛለሽ?»

«ኮምፖርሳቶው የት አለ?»

ተራራውን አየ። ከዚያ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ጣለልኝ። «ከኋላ በኩል ባለው ሳጥን። ዘንድሮ አልከፈትኩትም» አለ።

የሳጥኑ ክዳን በአቧራ ተጣብቆ ስለነበር በትከሻዬ ገፍቼ ከፈትኩት። ውስጡ የአርዲስ የፀሐይ ባርኔጣ፣ ጓንቷ፣ ከኋላ ደግሞ ኮምፖርሳቶው አለ። ጓንቱን አልነካሁትም። ኮምፖርሳቶውን አውጥቼ አነጠፍኩና የመሰላሉን እግሮች ቀዮቹ ክቦች ላይ አቆምኩ። ከክቦቹ ፊት ለፊት የእሷ የጫማ ዳር በእርሳስ ተሥሏል፣ የት እንደምትቆም። ቆምኩበት። የኔ እግር ይተልቃል።

«ውረድ እንግዲህ።»

«ሳልጨርስ? ከአልጋው ራስጌ በላይ ያለው የአየር መተንፈሻ ቀርቷል። እሱ ነው የሚያፈሰው። ያንን ትቶ መውረድ ለምን ወጣህ ያሰኛል።»

«ራንዳልስ?»

«ያዥ አለኝ አይደል?»

መሰላሉን ከላይ በገመድ አሰረው። የማሸጊያው ሙጫ አልቆበት ስለነበር ባልዲውን በገመድ አወረደልኝ፣ አዲሱን ሙጫ ከታች ካለው የመሣሪያ ሳጥኑ አንስቼ ከተትኩለት፤ ሳበው። ከጣሪያው ዳር ርቆ በጉልበቱ እየዳኸ ሲሄድ ይሰማኛል። እኔ መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። ሰው ጣሪያው ላይ ሆኖ ሲሠራ መሰላሉን መያዝ ምንም ጥቅም የለውም። ግን ልቀቂው ያለኝ የለም።

ራንዳል በሰዓቱ መጣ። መኪናዋን አቁሞ ቀና አለ።

«ሚስተር ክኑድሰን! ብቻዎን ነዎት?»

«ዓይንህን ምን ነካው? ሴትዮዋን አታያትም?»

ራንዳል ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ነዎት የሚይዙላቸው?»

«ከጠዋት ጀምሮ» አልኩ።

ከላይ ሳል ተሰማ፣ የማያቋርጥ። ራንዳል መሰላሉን፣ ገመዱን፣ ኮምፖርሳቶውን አየ። እርጥቡ ልብሴ ሳፋ ውስጥ እንዳለ፣ ሳይሰጣ፣ አጠገቤ መቀመጡንም ሳያይ አልቀረም። «ጥሩ ነው። እንዲህ ነው መሆን ያለበት» ብሎ ሄደ።

«ውሸታም» አለ ዴልበርት ከላይ።

«ሙጫህን ቀባ።»

ሲጨርስ ደመናው ከምዕራብ ተነሥቶ ነበር። መሣሪያውን በባልዲ አወረደ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ፣ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንድ እግሩን የላይኛው መርገጫ ላይ አሳረፈ። እዚያ ቆመ።

ቃሉን ጠበቅኩ። ስድስት ዓመት የሰማሁትን። ቢጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም ነበር። ባልመልስም ሊወርድ አይችልም። ጫማውን እያየሁ ቆምኩ። የግራው ጫማ ተረከዝ በአንድ በኩል አልቋል።

«ያዝሽው?» አለ።

«ይዣለሁ።»

ወረደ። መሬት ሲረግጥ ክንዱን ያዝኩት፣ ወዲያው ለቀቅኩት። ውሃ ሰጠሁት፤ ቆሞ ጨረሰው። ሐሙስና ዓርብ ዘነበ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ በሬ ላይ ቆመ።

«ጠብታ የለም» አለ።

«ግባ፣ ቡና አለ።»

«ሌላ ጊዜ» ብሎ ሄደ።

በሚያዝያ ከመሄዳችን በፊት ጣሪያውን ሊያጥብ ሲል መጣና ከወረቀት ከረጢት አዲስ ጓንት አውጥቶ ሰጠኝ። ለእጄ የሚሆን፣ ሰፊ። የአርዲስ ጓንት እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ኮምፖርሳቶው ላይ ግን ከእሷ የእግር ምልክት ጎን ሌላ አልሣለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጓንቱን አጠለቅኩና መሰላሉን ያዝኩ። ሥራው ሲያልቅ ዴልበርት ላብ በላብ ሆኖ ወርዶ የሚቀመጥበት ፈለገ። ከቤት ሌላ ወንበር አወጣሁለት። የዊልመር ወንበር አጠገብ አድርጎ ተቀመጠ።